ካርታ የሌለው የአዘዞ ቦታ ወይስ ካርታ ያለው የማራኪ አሮጌ ቤት?

ጥያቄ፦ «ጎንደር ነው የምኖረው። ከእህቴ ጋር ያጠራቀምነው 3 ሚሊዮን ብር አለ። ባንክ ተቀምጦ ዋጋው እየቀነሰ ስለሆነ ንብረት ላይ ልናውለው አስበናል። ሁለት ነገር ቀርቦልናል። አንደኛው ከአዘዞ ወደ ጠዳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ 200 ካሬ ቦታ ነው። ሻጩ አርሶ አደር ናቸው፤ 900 ሺህ ብር ይላሉ። ካርታ የለውም፤ ደላላው ግን ‹በሽማግሌ ፊት ውል ይጻፋል፣ ውክልናም ይሰጣችኋል፣ አካባቢው ወደ ከተማ ስለተካለለ በሁለት ዓመት ካርታ ይወጣለታል› ይለናል። ሁለተኛው ማራኪ አካባቢ 140 ካሬ ላይ ያለ ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ነባር ይዞታ ነው፣ ካርታ አለው፣ 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ተጠይቆበታል። ሻጮቹ ከእናታቸው የወረሱ አራት ልጆች ናቸው፤ አንዷ እስራኤል ናት። ወንድማችን ‹መሬት ወድቆ አያውቅም፣ ከቤቱ ይልቅ ሦስት ቦታ ግዙና ያዙ› ይላል። ከባንክ ተበድረን ሁለቱንም ብንገዛስ? ደላላው እስከ ሰኞ 100 ሺህ ብር ቀብድ ካልከፈላችሁ ቦታው ለሌላ ይሸጣል ብሎናል።»

ምላሽ፦ ሰኞ ቀብድ አይክፈሉ። ለአዘዞው ቦታ ሰኞም ሆነ ከዚያ በኋላ ምንም አይክፈሉ። የማራኪውን ቤት ግን፣ ከታች የምዘረዝራቸው ነገሮች ከተሟሉና ዋጋው ከወረደ፣ እንዲገዙት እመክራለሁ።

ወንድምዎ «መሬት ወድቆ አያውቅም» ሲሉ መሬት የሚሸጥ ዕቃ እንደሆነ አድርገው ነው። በእኛ አገር አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ከተማ ውስጥ ሰው ሲገዛና ሲሸጥ የሚታየው ቤቱና ከቤቱ ጋር አብሮ የሚተላለፈው የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ አዲስ ባለሀብት የመጀመሪያ ጥያቄው «ቦታው ወደፊት ይወደዳል ወይ?» ሳይሆን «ይህ መብት በሕግ ወደ እኔ ስም መዞር ይችላል ወይ?» መሆን አለበት። መዞር የማይችል ከሆነ የአካባቢው ዋጋ ዐሥር እጥፍ ቢያድግ ዕድገቱ የእርስዎ አይደለም።

የአዘዞው ቦታ ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ «አይችልም» ነው። አርሶ አደሩ በእጃቸው ያለው የገጠር መሬት የይዞታ ደብተር ነው። በደብተሩ ማረስ፣ ማከራየት፣ ለቤተሰባቸው በስጦታ ወይም በውርስ ማስተላለፍ ይችላሉ። መሸጥ አይችሉም። ሽማግሌ ቢቀመጥ፣ አሥር ምስክር ቢፈርም፣ የቀበሌ ሰው ቢያውቅ ሕግ የከለከለውን ሽያጭ ሕጋዊ አያደርገውም። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ውሉ ፈራሽ ነው የሚባለው። በመርህ ደረጃ ገንዘብዎ ሊመለስ ይገባል፤ ግን ሰውየው ብሩን ለልጅ ሠርግና ለበሬ ካዋሉት በኋላ ከማን ላይ ያስፈጽማሉ? ይህን የምለው ሻጩን አጭበርባሪ ለማድረግ አይደለም። ብዙዎቹ ከተማው እየቀረባቸው ሲመጣ በአነስተኛ ካሳ እንነሳለን ብለው ፈርተው ነው የሚሸጡት። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ለእርስዎ ግን መብት አይፈጥርም።

የደላላው «ውክልና» ሰዎችን በብዛት የሚያሳስት ነገር ነው። ውክልና ሌላ ሰው በባለመብቱ ስም እንዲሠራ የሚሰጥ ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም። ወካዩ በፈለጉ ጊዜ ሊሽሩት ይችላሉ፣ ሲሞቱም ይቋረጣል። በዚያ ላይ ወካዩ ራሳቸው መሸጥ የማይችሉትን ነገር ወኪላቸው ሊሸጥ አይችልም። «ወደ ከተማ ተካሏል» የሚለውም እርስዎ ከተረዱት በተቃራኒ ነው የሚሠራው። ከተማው የገጠር መሬት ሲያካልልና ለልማት ሲፈልገው፣ ካሳ የሚከፍለውና ምትክ የሚሰጠው በመዝገብ ላይ ላለው ሕጋዊ ባለይዞታ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ካሳን የሚያያይዘው ከሕጋዊ ይዞታ ጋር ነው። ስለዚህ መካለሉ እውነት ከሆነ ገንዘቡን የሚቀበሉት ሻጩ ናቸው፣ እርስዎ ቤት ሠርተው ከሆነ ደግሞ ያለ ካሳ የሚፈርሰው የእርስዎ ነው። «የጨረቃ ቤቶች፣ ያለ ፈቃድ የተሠሩት፣ በኋላ ካርታ ያገኙ የለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። አሉ። ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሕጋዊ ለማድረግ የሚወጡ መመሪያዎች ግን ወደኋላ ተመልሰው ጊዜ ይቆርጣሉ፤ እስከዚህ ዓመት የተሠራና ከከተማው ፕላን ጋር የሚስማማ ይላሉ። ዛሬ አጥር የሚያጥር ሰው በዚያ ተስፋ 900 ሺህ ብር ማውጣት የለበትም።

ካርታ ቢኖረው እንኳ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከአዘዞ እስከ ጠዳ ያለው ሜዳ በብዛት መረሬ አፈር ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቀላል መሠረት ላይ የቆመ ቤት ግድግዳው ከበርና ከመስኮት ጥግ እየተተረተረ ይሄዳል። በዚያ አካባቢ ሕጋዊ ቦታ የሚፈልግ ሰው አፈሩ ተቆፍሮ ወጥቶ በድንጋይና በገረጋንቲ የሚተካበትን ወጪ ከቦታው ዋጋ ጋር ደምሮ ማሰብ አለበት። ቦታ የሚታየው ደግሞ በግንቦትና በነሐሴ፣ ሁለት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ማራኪው ቤት። ካርታ ያለው መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ካርታ የጥያቄው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ሦስት ነገሮች ተደብቀውበታል።

የመጀመሪያው ነባር ይዞታ የሚለው ቃል ነው፤ ከሊዝ ሥርዓት፣ ማለትም መሬትን ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ከመያዝ ሥርዓት፣ ውጭ ቀድሞ የተያዘ ቦታ ማለት ነው። ብዙ ሰው «ነባር ነው፣ ሊዝ የለበትም» ብሎ ተጨማሪ ዋጋ ይከፍልበታል። ሊዝ የሌለበት ለሻጮቹ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ መሬቱን በሊዝ ሥርዓት እንደሚይዝ ደንግጓል። አራቱ ልጆች በውርስ ስላገኙት አልነካቸውም፤ እርስዎን ግን ስም ሲያዞሩ ይጠብቅዎታል። ለመኖሪያ የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ስለሆነ ክፍያው በረጅም ጊዜ ይበተናል፣ አያስደነግጥም። ነገር ግን ዋጋ ከመከራከርዎ በፊት የካርታውን ቅጂ ይዘው ክፍለ ከተማው መሬት አስተዳደር ይሂዱና ለዚያ የመሬት ደረጃ በካሬ ስንት እንደሚታሰብ፣ ሲዞር በቅድሚያ ምን ያህል እንደሚከፈል አሁን በሚሠራበት መመሪያ አስልተው እንዲነግሩዎ ያድርጉ። ከቻሉ በጽሑፍ። ከቤቱ ግማሹን ሱቅ ለማድረግ ካሰቡም እዚያው ይንገሯቸው፤ የንግድ ሊዝ ዘመኑም ዋጋውም ሌላ ነው።

ሁለተኛው፣ ከሁሉ የሚያሰጋኝ፣ ወራሾቹ ናቸው። «ከእናታቸው የወረሱት» ብለዋል። አባትስ? ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተሠራ ከሆነ የእናትየው ብቻ አልነበረም፤ የጋራ ነበር። አባትየው በሕይወት ካሉ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ቀድመው ከሞቱ ደግሞ ድርሻቸው ወደ ልጆቻቸው ሁሉ ሄዷል፤ ከሌላ ሴት የወለዱት ልጅ ካለ እሱም ወራሽ ነው፣ ካርታው ላይ ስሙ ባይኖርም። ከሽያጭ በኋላ እንዲህ ዓይነት ክርክር ይነሳል፤ ቤቱን ማንም አልሰረቀም፣ አንድ ድርሻ ያለው ሰው ሳይጠየቅ ቀርቷል። ስለዚህ የሁለቱንም ወላጆች የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ያምጡ ይበሏቸው። ከወራሾቹ አንዱ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ሞግዚት ስለፈረመ ብቻ አይበቃም፣ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠየቃል። እስራኤል ያለችው እህት ውክልናዋን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አረጋግጣ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አጽድቆት፣ በግልጽ «ይህን ቤት እንዲሸጥልኝ» የሚል ቃል ያለበት መሆን አለበት። «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ውክልና ቤት ለመሸጥ አይሆንም። በስልክ «እስማማለሁ» ማለቷ ዋጋ የለውም። የእሷ ሰነድ ሳይመጣ የሦስቱን ድርሻ ለይተን እንግዛ የሚል ሐሳብ ቢመጣም አይቀበሉ፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ያልተከፋፈለ ቤት በጋራ መያዝ ነው።

ሦስተኛው መሬቱ ላይ ያለውና ወረቀቱ ላይ ያለው አለመግጠም ነው። የማያዳላ ቀያሽ ቀጥረው 140 ካሬው በእርግጥ 140 መሆኑን፣ አጥሩ የጎረቤት ወይም የመንገድ እንዳልወሰደ ያስለኩ። ካርታው በባንክ ዋስትና መያዝ አለመያዙን፣ የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበትና እንደሌለበት ከሚመዘግበው ቢሮ «ዕዳና እገዳ የለበትም» የሚል ማስረጃ ይውሰዱ፤ ማስረጃው ውሉ ከሚፈረምበት ቀን ብዙ የራቀ እንዳይሆን። ከዚያም የከተማውን ፕላን ይጠይቁ። ጎንደር ውስጥ የኮሪደር ልማቱ መንገድ እያሰፋ ነው፤ ቤቱ መንገድ ዳር ከሆነ ምን ያህሉ እንደሚነካ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ወደፊት ፎቅ እንሠራለን ካሉም የሚፈቀደውን ከፍታ ያረጋግጡ። ማራኪ ከፋሲል ግቢ ራቅ ስለሚል ይቀላል፤ ከቅርሱ አጠገብ ያሉ ይዞታዎች ግን ገዢ ያሰበውን ሁሉ እንዲሠራ አይፈቅዱም።

ስለ ቀብድ አንድ ነገር ይወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የከፈለ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፍ ይመልሳል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ። ይህ ለእርስዎ መጥፎ የሚሆነው ሰነዱ ሳይጣራ ሲከፍሉ ነው፤ ችግር አግኝተው ቢያፈገፍጉ «አንተ ነህ የተውከው» ይባላሉ። ስለዚህ ለማራኪው ቤት ቀብድ ከከፈሉ ትንሽ ይሁን፣ በባንክ ይተላለፍ፣ በጽሑፉም ላይ «የወራሽነት፣ የእገዳና የልኬት ማስረጃ ካልተሟላ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ቃል ይግባበት። ዋናው ውል ደግሞ ቤት ውስጥ የሚጻፍ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። ከዚያም በኋላ ስሙ መዝገብ ላይ እስኪዞር ድረስ ግዢው አላለቀም፤ ከጠቅላላው ዋጋ የተወሰነው ስም ሲዞር የሚከፈል ይሁን።

ደላላ ሁሉ የሚያቀርበው አንድ ሐሳብ አለ፦ «ግብር እንዳይበዛ ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ።» አይቀበሉ። የሚቀነሰው በዋናነት የሻጮቹ ግብር ነው፤ ከሽያጭ ትርፍ ላይ የሚከፈለው 15 በመቶ የእነሱ ዕዳ ነው፣ የእርስዎ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ብቻ ነው። ስም የሚያዞረው ጽሕፈት ቤት የራሱን ግምት ስለሚያወጣ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም እንኳ። ጉዳቱ ግን የእርስዎ ነው፦ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ከፍለው 1 ሚሊዮን ተብሎ ከተጻፈና ውሉ በሆነ ምክንያት ቢፈርስ፣ በእጅዎ ያለው ማስረጃ የ1 ሚሊዮን ነው።

ወደ ቁጥሩ እንሂድ፣ ምክንያቱም ብድር የጠየቁት ይህን ስላላሰሉ ነው። ለምሳሌ ሦስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው በወር 4 ሺህ ብር ቢከራዩ በዓመት 144 ሺህ ይሆናል። ተከራይ በሚቀያየርበት ጊዜ አንድ ወር ባዶ ይሆናል ብንል 132 ሺህ። በ2 ሚሊዮን 800 ሺህ የተገዛ ቤት ከሆነ ይህ በዓመት 4.7 በመቶ ገደማ ነው፤ የኪራይ ገቢ ግብርና ጥገና ሳይነካው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፤ በዚያው ብር ላይ 196 ሺህ። ስለዚህ «ባንክ ከማስቀምጥ ኪራይ ይሻለኛል» የሚለው በኪራዩ ብቻ ሲታይ ትክክል አይደለም። ቤት የሚያዋጣው ዋጋው ከግሽበቱ ጋር አብሮ ስለሚሄድና እርስዎ አሻሽለው ኪራዩን ማሳደግ ስለሚችሉ ነው፤ ይህ ደግሞ ዓመታት ይወስዳል። በዚህ ስሌት ላይ የባንክ ብድር ሲጨመርበት ነገሩ ይገለበጣል። የንግድ ባንኮች የብድር ወለድ ከ4.7 በመቶ በእጥፍ ይበልጣል፤ ኪራዩ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም፣ ልዩነቱን በየወሩ ከደመወዛችሁ ታወጣላችሁ። ብሔራዊ ባንክም ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የባንኮች ብድር ዕድገት ላይ ጣሪያ ስላስቀመጠ ብድሩን በፈለጉበት ቀን ማግኘትም አይታመንም። ለመጀመሪያ ንብረት ብድር አይግቡ። ካርታ የሌለው ቦታማ በዋስትና አይያዝም።

ወንድምዎ ያሉት «ሦስት ቦታ ይዞ መቀመጥ» በሕጋዊ መንገድም አይሠራም። ከከተማው በሊዝ ጨረታ የወሰዱት ቦታ የግንባታ መጀመሪያና መጨረሻ ጊዜ ተቆርጦለታል። ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ማስተላለፍ የፈለገ ሰው በሊዝ አዋጁ መሠረት የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከማስተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶውን ነው። ሕጉ ባዶ ቦታ ይዞ ዋጋ መጠበቅን ሆን ብሎ ዘግቶታል፤ በእኔ እምነት ተገቢ ነው። ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው ከ10 በመቶ እንዳያንስ የተደነገገ ስለሆነ ጨረታ ቀላል ሊመስልዎ ይችላል፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ብረቱም ቆርቆሮውም የት እንደደረሰ ያውቃሉ። በ3 ሚሊዮን ብር ሊዝ ከፍሎ በጊዜ ገደብ ግንባታ መጨረስ ለእናንተ ከባድ ነው።

የማራኪን ቤት የምመርጥበት ሌላው ምክንያት ተከራይ ነው። ጎንደር ውስጥ በጦርነትም በሰላምም የማይጠፋው ተከራይ ከዩኒቨርሲቲውና ከሆስፒታሉ ዙሪያ የሚመጣው ነው፤ መምህራን፣ ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ ከግቢ ውጭ የሚኖሩ ተማሪዎች። በጥምቀት እንግዳ ላይ የተመሠረተ ገቢ ግን በ2015 መጨረሻ ክልሉ ውስጥ ግጭት ከተነሳ ወዲህ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ሁላችንም አይተናል። ተከራይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ውኃ ነው። ጎረቤቶቹን ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ይጠይቁ፤ ሻጩን አይደለም። ሮቶ (የውኃ ማጠራቀሚያ) ከነማስቀመጫው፣ ለየብቻ የሆነ የመብራት ቆጣሪ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፤ ለእነዚህ የሚወጣው ብር ከአዲስ ቀለም ይልቅ ኪራይ ያሳድጋል። ግድግዳ አፍርሶ መሥራት ግን ፈቃድ ይጠይቃል። የኪራዩንም ውል በጽሑፍ ያድርጉት፦ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በከተማችን በምን መልክ እየተፈጸመ እንደሆነ ቤቶች የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ጠይቀው የኪራይ ዕቅድዎን በዚያ ልክ ያውጡ።

ስለዚህ ለማራኪው ቤት 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ያቅርቡ፤ ከ2 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ አይሂዱ። በ2 ሚሊዮን 400 ሺህ የቴምብር ቀረጡ 48 ሺህ ነው፤ 552 ሺህ ብር ለሊዙ፣ ለጣሪያው፣ ለሮቶውና ለመጠባበቂያ ይተርፋችኋል። በተጠየቀው ዋጋ ከገዛችሁ ግን 200 ሺህ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ከዚያ ላይ ቴምብሩ 56 ሺህ ሲነሳ የጭቃ ቤት ለማደስ የሚበቃ አይኖርም። ሻጮቹ ካልወረዱ፣ ወይም የእስራኤሏ እህት ውክልናና የአባትየው ወራሽነት ማስረጃ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ካልቀረበ፣ ቤቱን ይተዉትና ብሩን በጊዜ ገደብ ቁጠባ አስቀምጠው ሌላ ካርታ ያለው ቤት ይፈልጉ። ማራኪ ውስጥ የሚሸጥ የመጨረሻው ቤት ይህ አይደለም።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር ልጨምር። ገንዘቡ የሁለታችሁ ነው፤ ስለዚህ ውሉም ካርታውም ላይ የሁለታችሁም ስም ይግባ። እኩል ካላዋጣችሁ ድርሻችሁ በመቶኛ ይጻፍ። አንዳችሁ ብታገቡ ወይም ከከተማ ብትለቁ ሌላዋ በስንት ዋጋና በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ድርሻውን እንደምትገዛ በአንድ ገጽ አስፍራችሁ፣ የቤቱ ውል በሚፈረምበት ዕለት እዚያው አረጋግጡት።